ስድስተኛው ደንብ

ግሌን ኮራ፣ ኬፕ ብሬተን
ዲሴምበር 29 ቀን 1975

ለወንድሜ ልጅ ለዱጋልድ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ። እኛ እዚህ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሶብን፣ ግን እሳታችን ሳይጠፋ የልደትን በዓል አሳልፈናል። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ የቀረው አካላቴ ገና ትእዛዝ ይቀበላል። እግዚአብሔር ይመስገን።

የምጽፍልህ ስለ ሎክላን ነው። አንተ ወደ ኦንታሪዮ ስትሄድ ገና አልተወለደም ነበር። አባቱን ባሕር ወሰደው፣ እናቱ ቦስተን ሄዳ በዚያው ቀረች፤ ጎረቤታችን ሄክተር የሮሪ ልጅ "እኔ ቤት አንድ ሰሃን መጨመር አያቅተኝም" ብሎ ወስዶ አሳደገው። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ግን አካሄዳቸው አንድ ነው፤ በማሳው ማዶ ሲመጡ ሄክተርን የምለየው ውሻው ስለሚከተለው ብቻ ነው።

ልጁ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያንተ ክፍል ይገባል፤ ያን የኮምፒውተር አደረጃጀት የምትለውን ትምህርት ሊማር። አድላለት አልልህም፤ ብታደላለት እኔው ድረስ መጥቼ እቆነጥጥሃለሁ። ዐይንህን ግን ጣል አድርግበት። ልጁ መለመን አይችልም። ርቦት እንኳ "በልቻለሁ" የሚል ነው፤ እንዲህ አድርጎ ያበላሸው ሄክተር ነው።

ሄክተር እንደ ወትሮው ሲመሽ ለሻይ ይመጣል። የአጃ ቂጣዬን ጠራርጎ ይበላና "ዛሬስ ጨው በዝቶበታል" ይለኛል። "ያ ዱጋልድ የሚያስተምረው ማሽን ላም ያልባል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ብሎኛል። መልሱን ቶሎ ላክ፣ አለዚያ አያስተኛኝም።

የአባትህ እህት፣
ሌክሲ


ኦንታሪዮ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1976

ለማከብርዎት አክስቴ ለሌክሲ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ለሄክተር ይንገሩልኝ፤ ማሽኑ ላም አያልብም። ላሟ ስንት ሊትር እንደ ሰጠች ግን ከሱ ቀድሞ ይደምራል። የእኔ ትምህርት ስለ ሆድ ዕቃው ነው፤ ቁጥሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን አንሥቶ ለማን እንደሚያቀብለው፣ የሚደምረው ክፍል ተራው መቼ እንደሚደርስ። ሎክላን ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ አይናገርም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቁጥር የሚደምር ሰሌዳ በሽቦ እንዲያያይዙ አዘዝኳቸው፤ ከሁሉ ቀድሞ መብራቱ የበራለት እሱ ነው። ሽቦዎቹን የአጥር ሽቦ እንደሚወጥር ሰው አጥብቆ ነው ያሰራቸው። ደስ ብሎኛል።

የትምህርቱን ደንብ ዘንድሮ ራሴ አወጣሁት፤ ቅጂውን አያይዤልዎታለሁ። እርስዎ ደንብ ይወዳሉና ይፍረዱኝ። የቤት ሥራ ዐርብ ቀትር ላይ በሬ አጠገብ ካለው የእንጨት ሣጥን ይገባል፤ ቀትር ሲሆን እቆልፈዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ አይታይም። ተማሪዎቹ ተሰብስበው መወያየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍተው፣ ባዶ እጃቸውን ወጥተው፣ ግማሽ ሰዓት ሌላ ነገር ሲሠሩ ቆይተው ነው ብዕር የሚያነሡት። ያኔ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የገባቸው ነገር ብቻ ይሆናል። የረዳቸውን ሰው ስም ደግሞ ከላይ መጻፍ ግዴታ ነው።

ስድስተኛው ደንብ የተማሪዎቹን ፊት ያጠቆረው ነው። ፈተና የቀረ ዜሮ ያገኛል፤ ዘመድ ሞቶብኝ ነው ያለ የጋዜጣ ማስታወቂያ ወይም የቀብር አስፈጻሚ ፊርማ ያምጣ። ጭካኔ አይምሰልዎ። በፈተና ሳምንት የሚሞቱት አያቶች ብዛት በመምህራን ክፍል ውስጥ መሳቂያ ከሆነ ቆይቷል። አምና አንዷን "ሟች" እኔው ራሴ በስልክ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ "የልጅ ልጄ የላክሁለት ሹራብ ደርሶት እንደሆነ ይጠይቁልኝ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በቃኝ።

ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን "ደወሉ ሲደወል በሩ ይዘጋል" የሚሉን እርስዎ ነበሩ። ያደግሁት በእርስዎ በር ነው።

አክባሪዎ፣
ዱጋልድ


ግሌን ኮራ
ጃንዋሪ 27 ቀን 1976

ለዱጋልድ፣

ሰላም ለቤትህ፣ ብርታት ለጉሮሮህ። ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ ሰው ሌላ ምን ይመረቃል?

ደንብህን ለሄክተር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከሣጥኑ ላይ ስደርስ "ይሄስ የሌክሲ ደቀ መዝሙር ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ግማሽ ሰዓት ይቆዩ የምትለዋን ግን ወደዳት። "ዜማም የሚያዘው እንደዚያ ነው" አለ። "ትሰማለህ፣ ትወጣለህ፣ ላምህን ታልባለህ፣ ከዚያ ቫዮሊንህን ታነሣለህ። የቀረልህ ያንተ ነው። ይሄ ልጅ አእምሮ አለው በይው።" ሄክተር ሰው ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅምና ቀኑን ምልክት አድርግበት።

ስድስተኛው ላይ ስደርስ ስኒውን አስቀመጠ። "ለሞተ ሰው ደረሰኝ ይጠየቃል እንዴ?" አለኝ። እኔም ይህን እጠይቅሃለሁ። በሬን የምዘጋው ላረፈደ ነበር እንጂ ላዘነ አልነበረም። ደግሞስ የእኛን አገር ረሳኸው? እዚህ የሬሳ ሣጥኑን የሚሠራው ጎረቤት፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው ጎረቤት፣ መርዶውንም በእግሩ ሄዶ የሚያደርሰው ጎረቤት ነው። ማን ፊርማ ይሰጥሃል? መርዶ ይዞ የመጣ ሰው በሩን ሲያንኳኳ መጀመሪያ ወንበር ይሰጠዋል፣ ሻይ ይቀዳለታል፣ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። አባትህ የሞተ ዕለት ሄክተር ወደ እናንተ ቤት ሲመጣ እናትህ እንዲያ እንዳደረገችለት አይተሃል። እኔስ ብሞት ከማን ላይ ማስረጃ ልትጠይቅ ነው? ከውሻው?

ቀልዴን ነው። የከተማ ልጆች ያስቸግሩሃል፣ ገብቶኛል።

ሄክተርን ትንሽ ሳል ይዞታል። ለሎክላን እንዳትነግረው፤ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፣ ሄክተርም እኔን አይምረኝም።

አክስትህ ሌክሲ


ኦንታሪዮ
ማርች 8 ቀን 1976

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከይቅርታ ጋር ይድረስዎ። ያለ መልስ ያቆየሁዎት ፈተና ሳወጣና ሳርም ነው። እርስዎም ግን ዝም ብለዋል፤ በየወሩ መጻፍ የማያቋርጡ ሰው ነዎትና ጉልበትዎ እንዳይሆን ብዬ ሰግቻለሁ።

ደስ የማይል ወሬ ልነግርዎ ነው። ሎክላን የአጋማሹን ፈተና ቀረ። ፈተናው ከጠቅላላው ውጤት ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ ዜሮ ያገኘ ሰው ቢፍጨረጨር አያልፍም፣ ይህን ትምህርት ያላለፈ ደግሞ በክፍሉ አይቀጥልም። ከሳምንት በላይ ጠፍቶ ሰነበተና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ከኋላው ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"ሄክተር ሞቷል" አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ወዲያው ግን ሄክተር ቢሞት ኖሮ አክስቴ ይጽፉልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። በዚያው ዕለት ጠዋት ሁለት ተማሪዎች በሁለት አያቶቻቸው ምለው ሄደዋል። "ወረቀት ይዘሃል?" አልኩት።

አየኝ። "ወረቀት የለኝም" አለ።

"ደንቡን አንብበኸዋል አይደል?"

"አንብቤዋለሁ" አለና ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። አልተከራከረም፣ አልለመነም። ጥፋቱን አውቆ ነው ብዬ ዜሮውን ሞላሁለት። ስልክ አንሥቼ መጠየቅ እችል ነበር፤ ነገር ግን ዘንድሮ ለሌላው ያልደወልኩትን ለአገሬ ልጅ ብደውል አድልዎ መሰለኝ። እርስዎም አታድላ ብለውኛል።

እባክዎ ይገሥጹት። ችሎታ ያለው ልጅ ነው፤ ያሳዘነኝም እሱ ነው። ለሄክተርም ይንገሩት፤ ለአንድ ፈተና ሲባል እንደተገደለ ሲሰማ አንድ ወር ይስቅበታል።

ዱጋልድ


ኦንታሪዮ
ኤፕሪል 11 ቀን 1976

አክስቴ ሌክሲ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም፤ ከጃንዋሪ ወዲህ ጽሑፍዎን አላየሁም።

ሎክላን ክፍል መምጣት ትቷል። ማደሪያው ሄጄ ብጠይቅ አብሮት የሚኖረው ልጅ "ሻንጣውን ይዞ ሄዷል፤ አገሬ ገባሁ ነው ያለኝ" አለኝ። አልጋው ተነጥፎ፣ በሽቦ ያያያዘው ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ለምን ትቶት እንደሄደ አልገባኝም።

ልቤ መረበሽ ጀምሯል። ያን ዕለት ያየኝን አስተያየት ደጋግሜ አስባለሁ። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅዎ አጣሁ። ውጤት የሚዘጋው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት አንዲት መስመር ብትደርሰኝ፣ ከቄሳችን ከአባ ኮሊንም ቢሆን፣ ከማንም ቢሆን፣ አስተካክላለሁ። የቀብር አስፈጻሚ ፊርማ አልፈልግም። እርስዎ ብቻ ይጻፉልኝ።

ዱጋልድ


ግሌን ኮራ
ኤፕሪል 28 ቀን 1976

ዱጋልድ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያጽናው። የዛሬው ምርቃቴ ይኸው ነው፤ ስታነበው ያስፈልግሃል።

ሄክተር ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ሞቷል። ሳሉ ወደ ሳንባው ወርዶበት ነበር። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሐኪሙ ከታችኛው ድልድይ ማለፍ አልቻለም። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። "ልጁን እናስጠራው" አልኩት፤ "ፈተና አለበት፣ ደንቡን አንተው አንብበሽልኛል፣ አትጥሩት" አለኝ። እየቃዠም እንኳ "አንቺ" እና "አንተ" ተቀላቅሎበት ያቺኑ ፈተና ይል ነበር። እኔም እሺ አልኩት። አባ ኮሊን ለልጁ የደወለለት ካረፈ በኋላ ነው። ይህን እሺታዬን ለራሴ ይቅር የምልበት ቀን የሚመጣ አይመስለኝም።

ሎክላን በባቡር፣ ከዚያም በበረዶ ጠራጊው መኪና ተጭኖ ደረሰ። መሬቱ ደንጊያ ሆኖ ነበርና ወንዶቹ እሳት አንድደውበት፣ ሲለሰልስ ይቆፍራሉ፣ እንደገና ያነድዳሉ። ልጁ ከገባበት ጉድጓድ አልወጣም፤ "ተራህን ስጠን" ሲሉት "ገና አልደከመኝም" ይላል። ሣጥኑንም ከፊት ሆኖ ተሸከመ። እዚህ የጋዜጣ ሰው አልነበረም። አስፈጻሚውም እነሱ ራሳቸው ናቸው።

ብዕር መያዝ አቃተኝ፤ ለዚህ ነው ያልጻፍኩልህ። ደግሞም መጻፍ ያለብኝ አልመሰለኝም። ልጁ ሲመለስ፣ "ከሁሉ በፊት ዱጋልድ ዘንድ ሂድ፤ ሄክተር አባቱን የቀበረለት ሰው ነው፣ በአፍህ ንገረው" አልኩት። ዱጋልድ፣ ልጁ በርህ ላይ የቆመው ፈተና ሊለምን አልነበረም። መርዶ ሊያደርስልህ ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት። በባቡር ሙሉ ቀን ምን እንደሚልህ ሲያስብ ነበር የሄደው። ወንበር እስክትሰጠው ቆሞ ጠበቀ።

ደብዳቤህ ሲመጣ ብቻዬን አነበብኩት፤ የማነብለት ሰው የለም። "አንድ ወር ይስቅበታል" የምትለዋ ላይ ስደርስ አጠፍኩትና ከሰዓቱ ጀርባ ወተፍኩት። ተናድጄብህ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ እንኳ ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። ልጁ ቤት መጥቶ፣ ምን ሆነህ መጣህ ስለው፣ "ትምህርቱ አልተስማማኝም" ብቻ አለኝ። ቶሎ ብጽፍልህ ኖሮ የልጁ ትምህርት ይተርፍ ነበር። አሁን ከፍቼ ቀኑን ሳየው ውጤትህ ሳይዘጋ ይህ የሚደርስህ አይመስለኝም። ስለዚህ እኔም በሩን ዘግቼበታለሁ፤ አንተ ብቻ አይደለህም።

ወረቀት ጠይቀህ ነበርና ይኸው፤ ከሥር አለልህ። የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለህ፣ ፊደል ያስቆጠረህ ነው።

"ሄክተር የሮሪ ልጅ ሞቷል። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሌክሲ።"


ኦንታሪዮ
ሜይ 10 ቀን 1976

አክስቴ፣

ምን ብዬ ሰላምታ ልስጥዎ? እግዚአብሔር ያጽናናዎ። ይህን በፌብሩዋሪ ነበር ማለት ያለብኝ።

ወረቀቱ ደረሰኝ። ውጤት ተዘግቶ ነበር። ይዤው ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ፤ አነበበውና "ጎረቤት ነው፤ ደንቡ ዘመድ ይላል፤ ደንቡን ደግሞ ያወጣኸው አንተ ነህ" አለኝ። እውነቱን ነው። የራሴን መልስ ከሰው አፍ መስማት እንዴት እንደሆነ አወቅሁት። አላቆምኩም፤ ሌሎቹንም መምህራን እየዞርኩ ለመንኩ። በመጨረሻ ተስማሙልኝ፤ ሎክላን በኦገስት መጥቶ አዲስ ፈተና ቢቀመጥ ዜሮው ይሰረዛል። ጽፌለታለሁ። ይቅርታም ጠይቄዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት። አልመለሰልኝም። እባክዎ እርስዎ ይንገሩት።

ያን ከሰዓት በኋላ ከራሴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም። ከጠረጴዛዬ ፊት ወንበር ነበር፤ የፈተና ወረቀት ቆልዬበት ነበር። ማንሣት ብቻ ነበር። አባቴ የሞተ ዕለት ሄክተር በራችን ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ አስታውሳለሁ፤ ሎክላንም እንደዚያው ይዞ ነበር፣ ልክ በሄክተር አያያዝ፣ እኔ ግን ያየሁት ከኋላው ያለውን ሰልፍ ነው። የከተማ ሰው ቢሆን አላወቀም ይባላል። እኔ እዚያ አገር ፊርማ የሚሰጥ እንደሌለ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አውቄ ጠየቅሁት። ሐዘኑ አንጀቴን በላው፣ ሐፍረቱ ግን ይብሳል።

ስድስተኛውን ደንብ ሰርዤዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ላይ "ሰው የሞተበት ይምጣና ይንገረኝ" የሚል ብቻ ነው ያለው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ አያቶች እንደ ቅጠል ይረግፋሉ ይሉኛል። ይርገፉ።

የሎክላንን ሰሌዳ በሣጥን አሽጌ ልኬለታለሁ።

ዱጋልድ


ግሌን ኮራ
ጁን 21 ቀን 1976

ለወንድሜ ልጅ ለዱጋልድ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በረዶው ሄዷል፣ ሣሩ ወጥቷል፣ የሄክተር ውሻ አሁን ሎክላንን ይከተላል። ስለዚህ ከሩቅ ሳያቸው አንዳንዴ እሳሳታለሁ።

ደብዳቤህን አንብቦታል። እኔ ፊት ነው ያነበበው፤ ሲጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተው። "እህስ?" አልኩት።

"ጥሩ ነው። ለሚመጡት ልጆች ጥሩ ነው" አለ።

"ላንተስ?"

"አክስት ሌክሲ፣ እኔ ላሞች አሉኝ፣ ጀልባው ላይም ቦታ ሰጥተውኛል።"

"በኦገስት ሄደህ ብትፈተንስ? ሰውዬው ለምኖልሃል እኮ።"

"አውቃለሁ። አልተቀየምኩትም በይልኝ። ደንቡ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ አንብቤዋለሁ።" ከዚያ ሻዩን ጠጣ። የአጃ ቂጣውንም ጠራርጎ በላው፤ ጨው በዝቷል አላለኝም። ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ አይመጣም። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አንዴም አልቅሼበታለሁ። ሦስቱንም እያከበረ እምቢ አለኝ። አንተ ደንብህን ቀይረሃል፤ መልካም አድርገሃል፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን አለፈው። ይህን ሁለታችንም ይዘነው እንኖራለን።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። የላክሃት ሰሌዳ ስትደርስ ከፍቶ ሽቦዎቹን ፈታቸው። ደነገጥኩ፤ ሊጥለው መስሎኝ ነበር። ለካ ሽቦውን ፈልጎት ነው። ሌላም ጨምሮበት ከአልጋዬ አጠገብ አንድ ቁልፍ ተከለልኝ፤ ሽቦው በአጥሩ እንጨት ላይ አልፎ ማሳውን ተሻግሮ እሱ ወጥ ቤት ይገባል። ስጫነው እዚያ ደወል ይጮኻል። "ሲያምሽ ተጫኚው፤ ሳል እንኳ ቢሆን ተጫኚ። 'አትጥሩት' የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም" አለኝ። ሲሠራው ሳየው፣ ይሄን ያስተማረው ዱጋልድ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህችን ብቻ ላንተ ይዤልሃለሁ።

አንድ ቀን እኔም ያን ቁልፍ መጫን የሚያቅተኝ ጊዜ ይመጣል። ያኔ ማንም ጋዜጣ ላይ አያወጣልህም። ስልክህ ይጮኻል፤ የሚደውልልህ ሎክላን ነው። አታስቸኩለው። ወንበር ስበህ ተቀመጥና ስማው፤ የሚነግርህንም እመነው።

አክስትህ፣
ሌክሲ